ከግብጦ ምሬት እስከ ቄብ ደረት

ቄቧ አልጮኸችም። ጎህ ሲቀድ፣ ገና ከቆጥ ሳትወርድ፣ ዶሮ አርቢዋ እትዬ በግራ መዳፋቸው ከሆዷ ሥር ደግፈው አነሷት። ሁለት እግሮቿ በጣቶቻቸው መሐል ገቡ፤ ክንፎቿን በክንዳቸው ጫን አድርገው ከጎናቸው አስጠጓት። ከዚያ በቀኝ እጃቸው አውራ ጣትና ሌባ ጣት የደረት አጥንቷን ከላይ እስከ ታች ዳበሱ። ዓይናቸው ዶሮዋ ላይ አልነበረም፤ በበሩ በኩል ግሽ ዓባይን የሸፈነውን ጉም ነበር የሚያዩት። ሥራውን የያዘው ጣታቸው ነው።

«ይች ሞልታለች» አሉና መልሰው ቆጡ ላይ አስቀመጧት። ቀጣይዋን አነሱ። «ይችን ደግሞ ንካትማ፣ ልጄ።»

ነካኋት። የደረት አጥንቷ እንደ ቢላ ስለት ነው፤ ግራና ቀኙ ጎድጉዷል። የመጀመሪያዋን መልሰው ሲያስነኩኝ አጥንቱ በሁለት በኩል በሥጋ ታቅፎ ስለቱ ጠፍቷል፤ የሚዳሰሰው ድቡልቡል ጠርዝ ብቻ ነው። ሁለቱም በአንድ ቀን የተፈለፈሉ፣ 12 ሳምንት የሞላቸው ናቸው። ሚዛን ላይ ሲወጡ አንደኛዋ ከአንድ ኪሎ አለፍ አለች፤ ሌላዋ 900 ግራም አልደረሰችም። እትዬ ሚዛኑን የሚያመጡት ለእኔ ብለው እንጂ ለራሳቸው እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ።

በእኛ አገር «ሴትዮዋ ባለሙያ ናት» ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ወጧና ጠላዋ ነው። ዶሮዋን አሥራ ሁለት ብልት አውጥታ የምትሠራ ሴት በመንደሩ ሁሉ ትወደሳለች። ዶሮዋ ለዚያ ከመድረሷ፣ እንቁላልም ከመጣሏ በፊት ያለው ሙያ ግን አሞጋሽ አላገኘም። እኔ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቼ፣ በቡሬና በትልሊ አድርጌ ሰከላ ድረስ የወጣሁት ይህን ሙያ ከቅርብ ለማየት ነው።

ቄብ እንቁላል ያልጀመረች ወጣት ዶሮ ናት። ከጫጩትነት ወጥታለች፤ ጣይ ግን አልሆነችም። ከስምንተኛው እስከ አሥራ ስምንተኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ለባለቤቷ ባዶ ወራት ይመስላል፤ ትበላለች እንጂ አትሰጥም። ብዙ አርቢ መኖ የሚሰስተውም እዚህ ላይ ነው። ነገር ግን ዶሮዋ የምትሠራው በእነዚህ ሳምንታት ነው። 12 ሳምንት ሲሞላት የአጥንቷ አብዛኛው ክፍል ተሠርቶ አልቋል፤ እስከዚያ የጎደለ ቁመት በኋላ በምንም መኖ አይሞላም። ሥጋዋና ስቧ ቀጥለው ይመጣሉ፤ እንቁላል ጣይ ከሆኑት ቡናማ ዝርያዎች አንዷ ከሆነች በ18ኛው ሳምንት ኪሎ ተኩል ገደማ ትመዝናለች። ከአንዲቷ ክብደት ይበልጥ ደግሞ የመንጋው መተካከል ይታያል፤ ከመቶ ቄብ ሰማንያው ከአማካዩ በአሥር በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ባለው ውስጥ ሲያርፍ መንጋው ተካክሏል ይባላል። የተካከለ መንጋ አብሮ ይጀምራል፣ አብሮ ይጥላል። ያልተካከለው ውስጥ አንዷ እንቁላል ስትጥል ሌላዋ ገና አጥንት ትሠራለች፤ ለሁለቱም የሚሆን አንድ መኖ አይገኝም።

ይህ የመካከል ዕድሜ አንድ ትልቅ በጎ ነገር አለው። ጫጩት ሆደ ስስ ናት፤ አሰር የበዛበትን መኖ አትችልም። ጣይዋ ደግሞ በየቀኑ እንቁላል ስለሚወጣት የምትበላው ሁሉ የተመጠነ መሆን አለበት። ቄብ ግን ሻከር ያለውን ትችላለች፤ እንዲያውም ይጠቅማታል። አሰር ያለው መኖ እህል የምትፈጭበትን ጡንቻማ ሆዷን ያጠነክረዋል፣ የመብላት አቅሟን ያሰፋዋል፤ ጣይ ስትሆን ያ አቅም ያስፈልጋታል። እንግዲህ በደጃችን የሚበቅለውና ከዘይት መጭመቂያ የሚተርፈው ሁሉ ቦታውን የሚያገኘው በዚህ ዕድሜ ላይ ነው። እትዬ ይህን ከማንም ሳይማሩ ደርሰውበታል፤ ለጫጩቶቻቸው የገዙትን የተዘጋጀ መኖ ይሰጣሉ፣ ከስምንተኛው ሳምንት በኋላ ግን መንጋው የሚበላው የእጃቸውን ቅንብር ነው።

ዶሮ እርባታ ላይ ከወጪው ከመቶ ስድሳ እስከ ሰባ የሚሆነውን የሚበላው መኖ ነው። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት የተባለው መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ ዶሮ የሚይዘው ሰው በዝቷል፤ መኖውም በዚያው ልክ ተፈላጊ ሆኗል። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ከሩቅ የሚመጣው ጆንያ ጨርሶ ይቀራል። እትዬን ወደ ግብጦ ያዞራቸው እንዲህ ያለ ወር ነው።

የሰከላን ደጋ የሚያውቅ ሰው ግብጦን ያውቃል። አሲዳማው፣ ደካማው መሬት ሌላውን እህል ሲነፍግ ግብጦ ይበቅላል፤ ለቀጣዩም ሰብል አፈሩን አለስልሶ ይሰጣል። ምሬቱ ራሱን ስለሚጠብቅለት ከብት አይነካውም፤ አጥር አይሻም፣ ጠባቂም አይሻም። ሰው ግን ምሬቱን አውጥቶ ቆሎ ያደርገዋል፤ አረቄም ይወጣዋል። በአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል የሠሩት ተመራማሪ ሊቃውንት ይሄይስ ከባልደረቦቻቸው ጋር በሜጫና በሰከላ ወረዳዎች ግብጦ እንዴት እንደሚመረትና ለምን እንደሚውል አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2010 ሲያሳትሙ የተዘነጋ ግን ብዙ ጥቅም ያለው ሰብል ብለውታል። ከመቶው ሠላሳ አምስት ገደማ ፕሮቲን ያለው ፍሬ እንዲህ ተዘንግቶ መኖሩ ያስቆጫል።

ምሬቱ ቀልድ አይደለም። አልካሎይድ የሚባለው መራራ ንጥረ ነገር በአገሩ ግብጦ ውስጥ ከአንድ በመቶ በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ዶሮ እንዲህ ያለውን ከበላች መኖ ትቀንሳለች፣ ትመነምናለች። እና ሙያው የሚጀምረው ከምጣዱ ነው። እትዬ ግብጦውን ሰፊ ምጣድ ላይ በስሱ ያነጥፉታል፤ እሳቱ መካከለኛ ነው። እጃቸው አያርፍም፤ በማማሰያ ከዳር ወደ መሐል፣ ከመሐል ወደ ዳር ያገላብጡታል። የሚፈልጉት እንደ ሽምብራ ቆሎ እንዲቀላ አይደለም። ቅርፊቱ እዚህም እዚያም ሰንጠቅ እስኪልና የጥሬ ሽታው እስኪጠፋ ነው። ከዚያ ካለፈ ፕሮቲኑ ያርራል፤ ከዚያ ካነሰ ፍሬው በሕይወት ስለሚቆይ ውሃ ውስጥ ሊያቆጠቁጥ ይችላል፣ ምሬቱንም በቀላሉ አይለቅም። አንድ ፍሬ አንሥተው በጥፍራቸው ሲጫኑት ቅርፊቱ ተንሸራቶ ከወለቀ «በቃው» ይላሉ።

ከዚያ ውሃው። ጠበሉ ካለበት ምንጭ አይደለም፤ ያ የጻድቁ የአቡነ ዘርዓ ብሩክ ነው፣ ሰው ከሩቅ አገር ለፈውስ የሚመጣበት። ከመንደሩ በታች፣ ከብት ከሚጠጣበትም ዝቅ ብሎ፣ አንዲት ጅረት አለች። የተቆላው ግብጦ በማዳበሪያ ጆንያ ይሞላል። ግን ጆንያው ግማሽ ብቻ ነው የሚሞላው፤ ፍሬው ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ከጠበበው ውሃው መሐል አይገባም። አፉ በገመድ ታስሮ ከዳር ካለ ዛፍ ሥር ጋር ይያያዛል፤ ከላዩ ድንጋይ ይጫናል። ድንጋዩ ከባድ መሆን የለበትም፤ ጆንያው በውሃው ኃይል ትንሽ ትንሽ መወዛወዝ አለበት። ልብ ብዬ አይቼዋለሁ፤ ጅረቱ በፈሰሰ ቁጥር ጆንያው እንደሚተነፍስ ነገር ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከሽመናው ቀዳዳዎች ቢጫ የመሰለ ውሃ በቀጭኑ ይወጣል፣ ጥቂት ተጉዞ ይጠፋል።

በየቀኑ ጠዋት ወርደው ይገለብጡታል። ከላይ የነበረው ወደ ታች፣ መሐል የነበረው ወደ ዳር። ስንፍና ያለበት ሰው ጆንያውን ጥሎ በአምስተኛው ቀን ይመጣል፤ ዳር ዳሩ ጣፍጦ መሐሉ እንደመረረ ያገኘዋል። እትዬ የሚቀምሱት ሁልጊዜ ከመሐል ነው። አንድ ፍሬ ልጠው በፊት ጥርሳቸው ይከኩትና ምላሳቸው ላይ ያቆዩታል፤ አይውጡም፣ አይናገሩም። የሰከላ ውሃ ቀዝቃዛ ስለሆነ በቆላው ሦስት አራት ቀን የሚበቃው እዚህ ስድስት፣ አንዳንዴም ሰባት ቀን ይፈጃል።

ሲወጣ ቅርፊቱ በመዳፍ እየታሸ ይገፈፋል። ይህን እርምጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እትዬ አይዘሉትም፤ ያለቅርፊት የፕሮቲኑ ድርሻ ከፍ ይላል፣ የማይፈጨው አሰር ይቀንሳል። ከዚያ ሸራ ላይ በስሱ ይሰጣል። በዝናብ ወራት ይህን አይሞክሩትም፤ እርጥብ ግብጦ ያከማቸ ሰው ሻጋታ እንዳከማቸ ይቆጠራል። መድረቁን የሚያውቁት በድምፁ ነው፤ እፍኝ አንሥተው ሸራው ላይ ሲበትኑት እንደ ጠጠር መንጫጫት አለበት።

በዚህ ቦታ ስለ ሌላ ዓይነት ባለሙያ ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ራይንሆልድ ፎን ዜንግቡሽ የተባለ ጀርመናዊ የእጽዋት አዳቃይ እጅግ ብዙ የግብጦ ተክሎችን አንድ በአንድ እየመረመረ በጣት የሚቆጠሩ መራራ ያልሆኑ አገኘ። የዛሬው ጣፋጭ ግብጦ መነሻው ያ ትዕግሥት ነው። ወደ እኛም ደርሷል፤ ጣፋጭ ግብጦ ፍኖተ ሰላምንና መራዊን ጨምሮ በተለያዩ ቦታዎች ተሞክሮ ሳናቦርና ቪታቦር የተባሉት ዝርያዎች በአገራችን ተመዝግበዋል። እነዚህ ሰማያዊ የሚባለው ዓይነት ናቸው፤ ከአገሩ ነጭ ግብጦ ጋር ስለማይዳቀሉ ጣፋጭነታቸው ከጎረቤት ማሳ በሚመጣ የአበባ ዱቄት አይበላሽም። ዘሩ በብዛት ቢገኝ የእትዬን ስድስት ቀን ይቆጥብላቸዋል። ብቻ ያኔ አጥርና ጠባቂ ያስፈልጋል፤ በጉም ይጣፍጠዋልና።

ግብጦ ብቻውን ግን ቄብ አያሳድግም። ፕሮቲን ማለት እንደ ጡብ ከትንንሽ ቁርጥራጮች የተገነባ ነገር ነው፤ ግብጦ ከእነዚህ ውስጥ ሜቲዮኒን የሚባለው ይጎድለዋል፣ ላባም ያለ እሱ በደንብ አይወጣም። ኑግ ለዘይት ተጨምቆ የሚተርፈው ፋጉሎ ደግሞ ሜቲዮኒን አያጣም፤ የሚያንሰው ላይሲን ነው። አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። እናቶቻችን እንጀራን በሽሮ ሲያበሉን የኖሩት በዚሁ መንገድ ነው፤ እህሉ የጎደለውን ጥራጥሬው ይሞላዋል። ቄቧም የራሷን እንጀራና ሽሮ ማግኘቷ ነው።

ፋጉሎውን እትዬ ከቡሬ ያስመጣሉ። ቡሬ የበቆሎና የበርበሬ አገር ናት፤ በ2013 ዓ.ም. የፌቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ተመርቆባታል። እሳቸው ግን የሚገዙት ከትንንሽ መጭመቂያዎች ነው፤ ጥቁር፣ ቅርፊት ቅርፊት ያለ፣ ዘይቱ ገና ጨርሶ ያልለቀቀው። ሲገዙ አይቸኩሉም። ከጆንያው አፍ ያለውን ገፍተው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ያስገባሉ፤ ሙቀት ካለው ታፍኗል ማለት ነው። ከዚያ ወፍራሙን ቁራጭ መርጠው ይሰብሩታል። ስሱ ቁራጭ ቶሎ ስለሚደርቅ ይዋሻል ይላሉ፤ ወፍራሙ ግን መሐሉ ላይ እርጥበት ይይዛል፣ ሻጋታም የሚጀምረው እዚያ ነው። የተሰበረውን ገጽ ወደ ብርሃን ያዞሩታል፤ ግራጫ ወይም አረንጓዴ ጥላ ካዩ ጆንያው በሙሉ ይቀራል። በመጨረሻ ያሸቱታል።

ይህ ጥንቃቄ ለኔ ባዕድ አይደለም። ከዓመታት በፊት ከአንድ ነጋዴ በርካሽ የገዛሁት ፋጉሎ ሠላሳ ጫጩት ፈጅቶብኛል፤ መጀመሪያ ክንፋቸው ወደቀ፣ ከዚያ መብላት አቆሙ። አፍላቶክሲን የሚባለውን የሻጋታ መርዝ ስም የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። በአዲስ አበባና አካባቢዋ በወተት ላም መኖ ላይ የተደረገ ጥናትም ዋናው የመርዙ ምንጭ የኑግ ፋጉሎ መሆኑን አሳይቷል። ጥፋቱ የኑጉ አይደለም፤ የአቀማመጡ ነው። እኔ ያኔ ያልሰበርኩትን ወፍራም ቁራጭ እትዬ በሰበሩ ቁጥር ልቤ ይነካል።

ጓያ ለምን እንደማይጨምሩ ጠየቅኳቸው፤ በአካባቢው ርካሽ ነውና። «ሰው የሚያሽመደምደውን ለዶሮ?» አሉኝ። ልክ ናቸው። የጓያን መርዝ ለመለየት ሳይንቲስቶች ከተጠቀሙባቸው እንስሳት አንዷ ጫጩት ናት።

ወፍጮ ቤቱ ላይ ሌላ ትግል አለ። ባለወፍጮው የለመደው የእንጀራ ዱቄት ነው። ዱቄት የሆነ መኖ ግን ምንቃር ላይ ይለጠፋል፣ ይቦናል። እትዬ ሰፊ ቀዳዳ ያለው የራሳቸውን ወንፊት ተሸክመው ይሄዳሉ፤ ወፍጮው ቆሞ እስኪቀየርላቸው ይጠብቃሉ። በቆሎው ከአንዱ ፍሬ አራት አምስት ስባሪ ሆኖ መውጣት አለበት።

ቅንብሩን በማስታወሻዬ ይዤዋለሁ። ከመቶ ኪሎው 55ቱ በቆሎ፣ 15ቱ የኑግ ፋጉሎ፣ 14ቱ የስንዴ ፉርሽካ፣ 7ቱ ግብጦ፣ 6ቱ ተቆልቶ የተፈጨ አኩሪ አተር ነው፤ አኩሪ አተር ጥሬውን ከተሰጠ ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር ስላለበት እሳት ማየት አለበት። የቀረችው ሦስት ኪሎ የኖራ ድንጋይ ዱቄት፣ የአጥንት ዱቄት፣ ቪታሚንና 300 ግራም ጨው ናት። ሳሰላው ፕሮቲኑ 16 በመቶ ገደማ መጣ፤ ለዚህ ዕድሜ የሚመከረውም ይኸው ነው። እትዬ ግን እንደ ቀመር አያዩትም። ብርዱ ሲበረታ በቆሎውን ከፍ ያደርጋሉ፤ ቄቦቹ ስብ ሲይዙ ፉርሽካውን ይጨምራሉ።

ድብልቁን ሲሠሩ ማየት ግን ሌላ ነው። 300 ግራም ጨው መቶ ኪሎ መኖ ውስጥ በአንዴ ቢበተን አንዷ ዶሮ ጨው ትውጣለች፣ ሌላዋ ምንም አታገኝም። ስለዚህ ጨውንና ቪታሚኑን መጀመሪያ ከአንድ ጣሳ የተፈጨ በቆሎ ጋር በእጃቸው ያሻሉ። ከዚያ አንድ ጣሳ ይጨምራሉ፤ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አራት። እንዲህ እጥፍ እጥፍ እየሆነ ባልዲ ሲሞላ ነው ወደ ትልቁ ክምር የሚሄደው። ክምሩ ሸራው ላይ እንደ ጎጆ ጣሪያ ሾጣጣ ሆኖ ይቆለላል፤ በአካፋ ከሥሩ እየተዛቀ አጠገቡ ሌላ ሾጣጣ ይሠራል፣ እያንዳንዱ አካፋ አናቱ ላይ ይፈስሳል፣ እኩል በየጎኑ ይንሸራተታል። ሦስት ጊዜ ይዛወራል። መጨረሻ ላይ ከአናቱ፣ ከወገቡና ከሥሩ አንዳንድ እፍኝ ወስደው ነጭ ሰሃን ላይ ጎን ለጎን ይዘረጉታል። የኑጉን ጥቁር ነጠብጣብ ይቆጥራሉ ማለት ይቻላል። በሦስቱም እፍኝ ጥቁሩ እኩል ከተረጨ ሌላውም እኩል ተረጭቷል። በአንዱ ከሳሳ አካፋው ለአራተኛ ጊዜ ይነሣል። ያን ቀን ተነሣ።

መመገቢያው አንድ ሦስተኛው ብቻ ይሞላል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ በምንቃራቸው ይበትኑታል። ከቀትር በኋላ ደግሞ ሆን ተብሎ ባዶ ይደረጋል፤ ቄቦቹ ትልልቁን በቆሎ እየመረጡ በልተው ሥሩ ላይ የተዉትን ደቃቅ፣ ጨውና ቪታሚን ያለበትን፣ እንዲጠርጉት ነው። ከጣሪያው የአልፋልፋ እስር ይንጠለጠላል፤ ከፍታው ቄቧ አንገቷን ዘርጋ አድርጋ የምትደርስበት ነው። በእሱ ሲጫወቱ አንዷ የሌላዋን ላባ አትነቅልም። ያቺ ደረቷ እንደ ስለት የነበረች ቄብ ከመሰሎቿ ጋር ወደ ጎን ክፍል ተለይታለች፤ መኖው ያው ነው፣ የሚገፈትራት ብቻ የለም።

በ16ኛውና በ17ኛው ሳምንት ፊታቸው መቅላት፣ የአናታቸው ሥጋ መወፈር ሲጀምር እትዬ የኖራ ድንጋዩን ከፍ ማድረግ ይጀምራሉ። የቄብ መኖ አንድ በመቶ ገደማ ካልሲየም ይበቃዋል፤ የጣይ ወደ አራት በመቶ ይጠጋል። ያን ሁሉ ኖራ አስቀድሞ ማብላት ኩላሊቷን ይጎዳል፤ ማዘግየት ደግሞ የእንቁላሉን ቅርፊት ከገዛ አጥንቷ እንድታወጣ ያስገድዳታል። እትዬ ቀን አይቆጥሩም፤ የሚጠብቁት የፊቷን ቅላት ነው።

ልሰናበታቸው ስል ወደ ጅረቱ ይዘውኝ ወረዱ። አራተኛ ቀኑ የሆነ ጆንያ ነበር። ድንጋዩን አንሥተው፣ ገመዱን ፈትተው፣ እጃቸውን መሐል ድረስ ሰደዱና አንድ ፍሬ ሰጡኝ። ልጬ ምላሴ ላይ አደረግኩት። ለስላሳ ነው፣ ሽምብራ ሽምብራ ይላል።

«ጣፍጧል፣ እትዬ።»

ዝም አሉ። ውሃውን እያዩ ጠበቁ። ጥቂት ቆይቶ ከምላሴ ሥር፣ ወደ ጉሮሮዬ አቅራቢያ፣ ምሬቱ በቀስታ ወጣ። ፊቴን አይተው የጆንያውን አፍ መልሰው አሰሩ፤ ከላይ የነበረውን ወደ ታች ገልብጠው ወደ ውሃው ገፉት።

«ሁለት ቀን ይቀረዋል» አሉ።